ለተጋላጭ ታዳጊ ልጃገረዶች የክበብና የምክር አገልግሎት እንዴት ይጀመራል?

«ክፍል አግኝተናል፣ ልጃገረዶቹም አሉ፤ ምን እናስተምራቸው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የማኅበር አባላት፣ አንዳንዴም የአንዲት የጎረቤት ልጅ ነገር ያሳሰባቸው ሴቶች ናቸው። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፤ ትምህርቱ ይደርሳል። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «አንዲት ልጅ የደረሰባትን በደል የነገረችን ዕለት ምን እናደርጋለን?» የሚለው ነው። የምትተማመንበት ቦታና ሰው ካገኘች መናገሯ አይቀርም፤ ያኔ የምንሰጣት መልስ ከየትኛውም ትምህርት ይልቅ ሕይወቷን ይነካል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ አንዲት ልጅ እንኳ ደጁን ከመርገጧ በፊት ማለቅ አለባቸው። ለእነዚህ ሁለት ሦስት ወር መመደብ አይበዛም።

«ታዳጊ» የምለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በመሠረቱ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሁሉ ሕፃን ይላል። ስለዚህ አብዛኞቹ አባላት በሕፃናት ጥበቃ ሕግ ሥር የሚወድቁ መሆናቸውን ከመነሻው አስቡበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ንግግር ወደ ውጭ የማይሰማበት፣ በሩ ግን የማይቆለፍ ክፍል ወይም የተከለለ ቦታ
• በአቅራቢያው ከውስጥ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤትና ውኃ
• በክብ የሚያስቀምጥ ምንጣፍ ወይም ወንበር
• የመገኘት መመዝገቢያ ደብተር
• ከእሱ የተለየ፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን የሚቀመጥ የምስጢር ማስታወሻ
• የወላጅ ወይም የአሳዳጊና የልጅቷ የራሷ የፈቃድ ቅጽ
• የንጽህና መጠበቂያ፣ ሳሙናና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን
• ለክበቡ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ስልክ
• ለድንገተኛ ጊዜ መጓጓዣ የተቀመጠ ገንዘብ

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አንዲት ልጅ በማታ ወደ ሐኪም መወሰድ ሲኖርባት ግን ከሌላው ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ ሁለት ሰው ይወቅ።

ደረጃ 1፦ ማንን እንደምትፈልጉ ለዩ

ማስታወቂያ ለጥፋችሁ የመጣውን ከተቀበላችሁ የሚመጡት ትምህርት ቤት የሚሄዱ፣ ጊዜ ያላቸው፣ ወላጆቻቸው የሚፈቅዱላቸው ልጃገረዶች ናቸው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው፣ ታናናሾቿን የምታሳድገው፣ ከትምህርት ያቋረጠችው፣ በልጅነቷ የተዳረችው፣ አካል ጉዳተኛዋ ማስታወቂያውን አታየውም፤ ብታየውም ለእሷ የተጻፈ አይመስላትም። ስለዚህ ቤት ለቤት ሂዱ። በኢትዮጵያ ከተሞች የተካሄደው «ብሩህ ተስፋ» የተሰኘው ፕሮግራም አማካሪዎቹን በየቤቱ እየላከ ልጃገረዶችን ይመዘግብ ነበር፤ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠሩት የተገኙትም በዚህ መንገድ ነው።

በየቤቱ የምትጠይቁት አጭር ይሁን፦ በዚህ ቤት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ስንት ልጃገረዶች ያድራሉ? ከማን ጋር ይኖራሉ? ይማራሉ? አግብተዋል? «ልጆቻችሁ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ተቀጥራ የምትሠራዋ ከቁጥር ትወጣለች። «የሚያድሩ» በሉ።

ቀጥሎ ቡድን ክፈሉ። ከ10 እስከ 14 ያሉትን ከ15 እስከ 19 ካሉት ለዩ፤ የተዳሩትን ወይም ልጅ ያላቸውን ደግሞ ቁጥራቸው ከፈቀደ ለብቻቸው አድርጉ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ፊት አፏን አትከፍትም፤ ለአንዷ የሚያስፈልገው እውቀትም ለሌላዋ ወይ ገና ነው ወይ አልፏል። በአንድ ቡድን ከ20 እስከ 25 ልጃገረዶች፣ ሁለት አማካሪዎች ይኑሩ።

ደረጃ 2፦ ቦታውንና ሰዓቱን ልጃገረዶቹ ይምረጡ

ከመዘገባችኋቸው ጥቂቶቹን ሰብስቡና የአካባቢውን ካርታ መሬት ላይ እንዲሠሩ አድርጉ። ቤት በድንጋይ፣ መንገድ በገመድ፣ ውኃ መቅጃ በቅጠል ይሁን። ከዚያ የሚፈሩትን ቦታ በከሰል እንዲያጠቁሩ ጠይቁ፤ መጀመሪያ በቀን፣ ቀጥሎ በማታ። ለእናንተ ምቹ የመሰላችሁ አዳራሽ የሚያስደርሰው መንገድ ሥራ ፈት ወጣቶች የሚቆሙበት ማዕዘን ላይ የሚያልፍ ሆኖ ታገኙት ይሆናል። አዳራሹ ምንም ያህል ቢያምር መንገዱ ካላስተማመነ ቦታው አይሆንም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ልጅቷ ሥራዋን ጨርሳ የምትመጣበት፣ ሳይመሽም ቤቷ የምትገባበት ይሁን። አንዴ ከተወሰነ በኋላ አትቀያይሩት። ቀንና ሰዓቱ ቋሚ ሲሆን ቤተሰብ ይለምደዋል፤ ልጅቷም በሳምንቱ ውስጥ «ይህች ሰዓት የኔ ናት» የምትላት ታገኛለች። ቦታው በዚያ ሰዓት ለልጃገረዶቹ ብቻ ይሁን፤ ወንድ ዘበኛም፣ ጎብኚም፣ ዕቃ ሊወስድ የመጣ ሰውም አይግባ።

ደረጃ 3፦ ደጁን የሚጠብቁትን አነጋግሩ

ልጅቷን የሚያመጣትም የሚያስቀራትም በቤት ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰው ነው፦ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ባል፣ ታላቅ ወንድም፣ አሠሪ። ስለ ክበቡ የምትናገሩት እውነት ይሁን፤ ግን ከሚያሳስባቸው ነገር ተነሱ። አሠሪዋን «መብቷ ነው» ብላችሁ ከጀመራችሁ በሩ ሊዘጋ ይችላል። «በሳምንት ሁለት ሰዓት ናት፤ ማንበብና ጤናዋን መጠበቅ ትማራለች፤ በዚህ ሰዓት ትወጣለች፣ በዚህ ሰዓት ትመለሳለች፤ አማካሪዋም ይህች ናት» ብላችሁ ጀምሩ። አማካሪዋ በአካል ቆማ ትታይ።

ፈቃዱን ከአሳዳጊው ብቻ አትውሰዱ። ልጅቷን ለብቻዋ «አንቺስ መምጣት ትፈልጊያለሽ?» በሏት። ተገድዳ የመጣች ልጅ ትቀመጣለች እንጂ አትናገርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ክበቡን «የተደፈሩ ልጆች ቦታ» ወይም «የችግረኞች ክበብ» የሚያሰኝ ስምም ሆነ ገለጻ አትስጡት። ወደዚያ መግባቷ ብቻ ታሪኳን ለመንደሩ ሁሉ ይናገርባታል። ስሙ ተራ ይሁን።

ደረጃ 4፦ አማካሪዎችን ምረጡ፣ አጣሩ

አብዛኛውን ጊዜያችሁን የምታጠፉበት ደረጃ ይህ ይሁን። ጥሩ አማካሪ የግድ የተማረች ወይም የተከበረች ሴት አይደለችም። ከልጃገረዶቹ አምስትና አሥር ዓመት የምትበልጥ፣ እዚያው አካባቢ የምትኖር፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥና ወሬ የማታወጣ ሴት ናት። ከሩቅ የመጣች ባለሙያ ሥልጠና ትሰጣለች፤ ልጅቷ እሑድ ማታ ስትቸገር የምታንኳኳው ግን የቅርቧን ሴት በር ነው።

ማጣራቱ እንዲህ ይሁን፦

ሀ. አማካሪ ልትሆን የታሰበችውን ሴት የሚያውቁ፣ ከእሷ ጋር ግን የማይዛመዱ ሁለት ሰዎችን ጠይቁ። «ልጃችሁን ለአንድ ቀን ትተዉላት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከረጅም የድጋፍ ደብዳቤ የበለጠ ይነግራችኋል።

ለ. የወንጀል ነፃ ማስረጃ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ አስመጡ።

ሐ. በቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ሁኔታ ስጧት፦ «አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር እንደምትገናኝ ብትነግርሽ ምን ትያታለሽ?» መልሷ በቁጣ ወይም በስብከት ከጀመረ ለሌላ ሥራ ትጠቅም ይሆናል፤ ለዚህ ግን አትሆንም።

መ. ቢያንስ አንድ ዓመት እንደምትቆይ ጠይቋት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የግሮስማንና የሮድስ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአማካሪ ጋር የነበራቸው ግንኙነት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየላቸው ታዳጊዎች ብዙ ተጠቅመዋል፤ በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ደግሞ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ቀንሶ ተገኝቷል። ብዙ ሰው የተዋት ልጅ አንድ ተጨማሪ ሰው ሲተዋት «ችግሩ እኔ ነኝ» ትላለች። ለስድስት ሳምንት ብቻ ጊዜ ያላትን በጎ ፈቃደኛ ለሥልጠና ወይም ለአንድ ቀን ዝግጅት ተጠቀሙባት፤ ቋሚ አማካሪ ግን አታድርጓት።

ሠ. ለሥራዋ አበል ይከፈላት፤ ቢያንስ ከኪሷ የሚወጣው ይተካላት። በባዶ እጅ የምትለፋ ሴት ሥራ ስታገኝ ትሄዳለች፤ ጉዳቱም ከላይ ያልኩት ነው።

ደረጃ 5፦ የሥነ ምግባር ደንብ ጽፋችሁ አስፈርሙ

ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የግድ የሚካተቱት እነዚህ ናቸው፦

• አማካሪ ከአንዲት ልጅ ጋር ለብቻዋ የምትነጋገረው ሌላ ሰው ሊያያቸው በሚችልበት፣ ሊሰማቸው በማይችልበት ቦታ ነው።
• ልጅን ወደ ራስ ቤት መውሰድ፣ ገንዘብ ማበደር ወይም መበደር፣ የቤት ውስጥ ሥራ ማሠራት ክልክል ነው።
• የልጃገረዶችን ፎቶግራፍ ማንሳትና ማሰራጨት ክልክል ነው። ለጋሽ ቢጠይቅም እንኳ ፊታቸው አይታይ።
• የስልክ መልእክት የሚላከው ከክበቡ ስልክ ብቻ ነው፤ የማታ ሰዓት ገደብም ይኑረው።
• ድብደባ፣ ስድብ፣ በሰው ፊት ማሳፈር ክልክል ነው።

ደንቡ አማካሪዋንም ይጠብቃታል፤ ሐሰተኛ ክስ ቢነሳ የሠራችው ሁሉ በሰው ዓይን ፊት ነውና። ልጃገረዶቹም ደንቡን ይወቁት፤ አማካሪ ደንብ ብትጥስ ለማን እንደሚናገሩም ይነገራቸው። ያ ሰው ከአማካሪዋ ጋር የማይዛመድ ይሁን።

ደረጃ 6፦ እርዳታ የሚሰጡትን በአካል ሄዳችሁ እወቁ

ክበብ ሆስፒታልም ፍርድ ቤትም አይደለም። ሥራው ልጅቷን ወደሚረዳት ማድረስ ነው። ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጻፉ፦ ጥቃት የደረሰባትን የሚያክም የጤና ተቋም፣ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተው የፖሊስ ክፍል፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ፣ ጊዜያዊ መጠለያ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ። ለእያንዳንዱ የሚከፈትበትን ሰዓት፣ ክፍያ መኖር አለመኖሩን፣ ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ያለ አሳዳጊ መታከም መቻሏን አጣሩ። በስልክ ብቻ አትወሰኑ፤ ሄዳችሁ የሚቀበላችሁን ሰው ተዋወቁ። ልጅቷን ይዛችሁ በሄዳችሁ ቀን በሩ ላይ ያለው ሰው የሚያውቃችሁ መሆኑ ልዩነት አለው። በሀገራችሁ ሕግ በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የማሳወቅ ግዴታ በማን ላይ እንዳለም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዝርዝሩን በየሦስት ወሩ አድሱት።

ደረጃ 7፦ የነገረቻችሁ ዕለት

አብዛኛውን ጊዜ በስብሰባ መሀል አትናገርም። ሌሎቹ ሲሄዱ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ምንጣፍ ትጠቀልላለች፣ የተጠቀለለውን ፈትታ እንደገና ትጠቀልላለች። አማካሪ ይህን ካየች አትቸኩል፤ አብራት ትጠቅልል። ንግግሩ የሚመጣው እጅ ሥራ ሲይዝ ነው።

ሀ. አዳምጧት፣ አታቋርጧት። የሚባለው ሦስት ነገር ነው፦ «ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። አምንሻለሁ። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።»

ለ. «ለምን አልጮኽሽም?»፣ «ለምን ወደዚያ ሄድሽ?»፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አትበሏት። የመጀመሪያው ሰው መልስ እንዲህ ከሆነ ሁለተኛ ሰው አትፈልግም። መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄም («አጎትሽ ነው አይደል?») አትጠይቁ፤ ልጅ ትልቅ ሰው የጠበቀውን መልስ ልትሰጥ ትችላለች፣ በኋላም ምስክርነቷ ይጠረጠራል። ለደኅንነቷ የሚያስፈልገውን ብቻ ጠይቁ፦ አሁን ቤት ብትሄጂ አደጋ አለ? ታመሻል? መቼ ነው የሆነው?

ሐ. «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ልትጠብቁት የማትችሉት ቃል ነው። እንዲህ በሉ፦ «አንቺን ለመርዳት ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ እናገራለሁ፤ ለማን እንደምናገርም አስቀድሜ እነግርሻለሁ።»

መ. ሰዓት ቁጠሩ። መደፈር ከሆነ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ይበልጥ ይሠራሉ፤ ስለዚህ «ነገ ጠዋት» አይባልም። ከመመርመሯ በፊት ባትታጠብና ልብሷን ባትቀይር ለማስረጃ ይጠቅማል። ከቀየረች ልብሱን በወረቀት ከረጢት አድርጉት፤ በፕላስቲክ ውስጥ እርጥበት ታፍኖ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥባ ከሆነም ሆነ ጊዜው ካለፈ ግን ሕክምናው አይቅር፤ የሚታከም ነገር ሁልጊዜ አለ።

ሠ. ያለችውን በራሷ ቃል፣ በዚያው ዕለት ጻፉ፤ የእናንተን ግምት አትጨምሩ። ማስታወሻው ቁልፍ ባለው ሳጥን ይግባ። በ24 ሰዓት ውስጥ ለጥበቃ ኃላፊዋ፣ ማለትም በክበቡ የልጃገረዶቹን ደኅንነት እንድትከታተል ለተመደበችው ሴት፣ ብቻ ይነገር።

ረ. እስከ አገልግሎት መስጫው ድረስ አብራችኋት ሂዱ። አድራሻ ሰጥቶ መሸኘት እርዳታ አይባልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥቃት አድራሹን ሄዳችሁ አታነጋግሩ፤ ቤተሰብንም ለሽምግልና አትሰብስቡ። ሰውየው ማስረጃ ያጠፋል፣ ልጅቷን ያስፈራራል፣ ወይም ጉዳዩ በካሣ ተድበስብሶ እሷ እዚያው ቤት ትቀራለች። አድራሹ የቤተሰብ አባል ከሆነ ለማን እንደሚነገር ከጥበቃ ባለሙያ ጋር ሳትመክሩ ለወላጅ እንኳ አትናገሩ።

አማካሪዎች ይህን ደረጃ አንብበው ብቻ አይለፉት። ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዷ ልጅ አንዷ አማካሪ ሆና፣ ቃሉ በአፋቸው እስኪለመድ ይለማመዱት። በዚያ ቅጽበት ድንጋጤ ስለሚይዝ ወደ አፍ የሚመጣው የተለመደው ቃል ነው።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት

ስለ ጥቃትም ሆነ ስለ ወሲብ በመጀመሪያው ቀን አትጀምሩ። ስም ይለማመዱ፣ ይጫወቱ፣ ይሳቁ። የቡድኑን ደንብ ራሳቸው ያውጡ፤ «እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል» የሚለው አይጠፋም። ግን አማካሪዋ ወሰኑን ትጨምር፦ የልጅ ደኅንነት አደጋ ላይ ከሆነ ለሚረዳ ሰው ይነገራል። ይህ በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረ በኋላ ክህደት ይመስላል።

ደረጃ 9፦ የየሳምንቱ አካሄድ

ሁለት ሰዓቱን እንዲህ ክፈሉት፦ ሰላምታና «ሳምንትሽ እንዴት ነበር?» ሃያ ደቂቃ፣ ትምህርት አርባ ደቂቃ፣ እጅን የሚያሠራ ሙያ ወይም ጨዋታ አርባ ደቂቃ፣ የቀረው ነፃ ጊዜ። ነፃውን ጊዜ ለትምህርት አትቀሙት፤ ጓደኝነት የሚፈጠረው ያኔ ነው።

የትምህርቱ ርእሶች፦ የወር አበባና የሰውነት ለውጥ፣ እርግዝናና ኤችአይቪ፣ እምቢ ማለትና እርዳታ መጥራት፣ ማንበብና መቁጠር፣ ገንዘብ አያያዝ። ስለ ቁጠባ ግን ልዩ ጥንቃቄ አለ። በካምፓላ በተጋላጭ ልጃገረዶች መካከል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ የቁጠባ ሂሳብ ብቻ የተከፈተላቸው፣ ክበብና አማካሪ ግን ያልነበራቸው ልጃገረዶች ለወሲባዊ ትንኮሳ ይበልጥ ተጋልጠው እንዳገኛቸው ያሳያል። ስለዚህ ገንዘቡ ከጓደኞችና ከአማካሪ ቀድሞ አይምጣ።

ደረጃ 10፦ የቀረችውን ፈልጉ

መዝገቡ ለሪፖርት ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ የቀረችውን ጓደኛዋ ትጠይቃት፤ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከቀረች አማካሪዋ ቤቷ ትሂድ። ድንገተኛ መቅረት የጋብቻ ዝግጅት፣ የእርግዝና፣ የሕመም ወይም ወደ ሌላ ቦታ የመላክ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስትሄዱ በቤተሰብ ፊት «ለምን ቀረሽ?» አትበሏት፤ «ናፍቀሽናል፣ ደኅና መሆንሽን ለማየት ነው» በሉና እስከ ደጅ እንድትሸኛችሁ ጠይቁ። እውነቱን የምትናገረው በሽኝቱ ላይ ነው።

ደረጃ 11፦ አማካሪዎችንም ደግፉ

በወር ሁለት ጊዜ ተሰብስበው፣ የልጃገረዶቹን ስም ሳይጠሩ፣ የከበዳቸውን ይናገሩ። አንዳንዷ አማካሪ የሰማችው ታሪክ የራሷን ቁስል ይነካባታል። እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ ልጃገረዶቹን መሸሽ ካያችሁ አሳርፏት፤ ተተኪ አማካሪ ከመጀመሪያው የሠለጠነች ትኑር።

ደረጃ 12፦ መዝጊያውን አስቀድማችሁ ንገሩ

ክበቡ ማብቂያ ካለው ቀኑ በመጀመሪያው ወር ይነገራቸው፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታትም ለስንብት ይሁኑ። እያንዳንዷ ልጅ በችግር ጊዜ የምትሄድባቸውን ሦስት ሰዎች በቃሏ ትያዝ። በወረቀት አይሁን፤ ወረቀት ቤት ውስጥ ይገኝባታል።

የተለመዱ ስህተቶች

• ልጃገረዶችን ታሪካቸውን በስብሰባ ወይም በለጋሽ ፊት እንዲናገሩ ማድረግ። ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፤ ወሬው ግን አይመለስም።
• በጣም ጎበዟን ልጅ እየመረጡ ሁልጊዜ ማናገር። ዝም ያለችው ይበልጥ ዝም ትላለች።
• አካል ጉዳተኛዋን መመዝገብና መግቢያውን፣ መጸዳጃውን፣ የምልክት ቋንቋውን አለማሰብ።
• ሕፃን ያላትን እናት ጋብዞ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው አለማዘጋጀት። ሁለት ሳምንት መጥታ ትቀራለች።
• አማካሪ በማትመጣበት ቀን በሩን ዘግቶ መቅረት። ተተኪዋ ትገኝ፤ ተተኪ ከሌለ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ልጃገረዶቹን በስማቸው እየጠራ ይንገራቸው።